ጀርባችንን አዙረን የሰማነው ድምፅ

ባለፈው ሐሙስ ሮቤ ላይ ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ ከአንዲት የሞባይል መጠገኛ ሱቅ የቀለጠ የመበየጃ ስታኞ ሽታ መጣብኝ። ስታኞ ሲቀልጥ መጀመሪያ ደስ የሚል የሙጫ ሽታ አለው፤ ወዲያው ግን ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ይሆናል። ረዳቱ "ጎባ! አንድ ሰው የቀረው ጎባ!" እያለ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ፣ እኔ የሱቁን መስኮት ተደግፌ አንድ የማላውቀው ልጅ የማላውቀውን ሰው ስልክ ሲበይድ አያለሁ። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። ልጁ ቀና ብሎ "እህቴ፣ የሚጠገን ስልክ አለሽ?" ሲለኝ "የለኝም፣ እያሸተትኩ ነው" አልኩት። እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ያ ሽታ የጋሽ ዘሪሁን ሽታ ነው። ጋሽ ዘሪሁን ጎባ ግቢያችን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲበዛ ቁጡ ሰው። የጎባን ብርድ ጠዋት ማታ ይረግማሉ፤ ዝውውር ግን ጠይቀው አያውቁም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሐምሌም በጥርም ያንኑ አመድማ ካፖርት እንደለበሱ ነው፤ እቤትም ገብተው አያወልቁትም። ክፍላቸው ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ከአልጋው ሥር ጀምሮ እስከ መስኮቱ ድረስ ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች፣ የተጠመጠሙ ሽቦዎች፣ ባዶ የወተት ጣሳዎች፣ ፊታቸው የተቀደደ ስፒከሮች ተከምረዋል። ከክፍሉ ሁሉ ንጹሑ ጠረጴዛው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም።

አምፕሊፋየር ነበር የሚሠሩት። ለሠርግ፣ ለትምህርት ቤት በዓል፣ ለተጠየቁበት ሁሉ። ሌላው ሰው አምፕሊፋየር ሲያስብ የሚያስበው ጉልበቱን ነው፤ ጣሪያ የሚያነቃንቅ መሆኑን። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት መግቢያው ላይ ነው። ከማይክራፎን ወይም ከቴፕ የሚመጣው ድምፅ መጀመሪያ የሚገባባት ስምንት እግር ያላት ጥቁር አይሲ አለች፤ ኦፕ አምፕ ይሏታል። ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ደካማውን ድምፅ ተቀብላ የምታሳድገው እሷ ናት። "እዚች ጋ የገባ ቆሻሻ ከዚያ ወዲያ አብሮ ያድጋል፤ ማንም አያወጣውም" ይሉ ነበር፣ አይሲዋን በወረንጦ ይዘው ወደ ብርሃኑ እያነሱ። ክረምት አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር መርካቶ ገብተው ዓይነት ዓይነቷን ይገዛሉ፤ ከሞቱ ሬዲዮኖች የነቀሏቸውም ነበሩ። የቷ ንጹሕ እንደሆነች ለመለየት ደግሞ የሚያምኑት መሣሪያ አልነበራቸውም። የሚያምኑት ጆሮ ነበር፤ ያውም የእኛን ጆሮ።

የሙከራው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ካለ የለም፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሁሉን ይውጠዋልና። እናቴ፣ አጥር የምንጋራት አደ ፋጡማና እኔ ዱካ ዱካችንን ይዘን እንገባና ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንቀመጣለን። ሕጉ ይሄ ነበር፤ ማሽኑን ማየት አይቻልም። "ካያችሁ ትገምታላችሁ። ከገመታችሁ ደግሞ የምትሰሙት ግምታችሁን ነው" ይላሉ ጋሽ ዘሪሁን። ከኋላችን አይሲዎቹን እየነቀሉ እየሰኩ፣ "አንደኛው ነው የሚሻለው ሁለተኛው?" ብለው ይጠይቁናል። ምን እንደሰኩ አይናገሩም። ድምፅ ያስገቡ አያስገቡ አይናገሩም። አንዳንዴም ምንም ሳይነኩ የነኩ አስመስለው ይጠይቁናል። ጣሪያ ሥር ተኮልኩለው ግድግዳ ላይ የሚያፈጡ ሦስት ሴቶች ያየ ሰው ምን ይለን እንደነበር እንጃ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ "ሁለተኛው! ሁለተኛው እንደ ጠበል ጥርት ያለ ነው" አለች። አንዷንም አልቀየሩም ነበር። ጋሽ ዘሪሁን ከት ብለው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎ እኮ የሚሰሙት በልብዎ ነው" አሏት። እናቴ እንደ ምስጋና ቆጠረችው። እኔ ግን እንደ ስድብ ነበር የቆጠርኩት፣ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳቸው።

ያኔ ሰሜን ላይ ጦርነት ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ሰለሞንም ዘምቷል። አባቴ ቀደም ብሎ ስላረፈ የቤቱ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ትልቅ ውጊያ ሆነ የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ ደብዳቤው ቆመ። እናቴ ወሬ የሚያመጣ ሰው ባየች ቁጥር ወገቧን ይዛ ትቆማለች፤ ሰው ሁሉ "አይዞሽ፣ ደህና ነው" ይላታል፤ ከየት አውቀው እንደሚሉ አይታወቅም። በዚህ መሐል ክንዱ በፋሻ የተጠቀለለ የጊኒር ልጅ ወደ ቤቱ ሲያልፍ በራችንን አንኳኳና አንድ ካሴት ሰጠን። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድ ወታደር "ጎባ፣ ለሰለሞን እናት" ብሎ እንደሰጠው ነገረን። ሰለሞንን ራሱን አላገኘውም። ካሴቱ መቼ እንደተቀዳም አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ጥያቄ አልነበረም። የተቀዳው ከውጊያው በፊት ከሆነ ካሴቱ ምንም አይነግረንም። ከውጊያው በኋላ ከሆነ ግን ወንድሜ በሕይወት አለ ማለት ነው። ቴፓችን ውስጥ ከተን ስናጫውተው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ከሥሩ ግን አንድ ነገር አለ፤ ከወፍራም ግድግዳ ማዶ ሰው የሚያወራ ይመስላል። እናቴ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ትውላለች። ካሴቱን ታዞረዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ደግማ ታጫውተዋለች። በመጨረሻ ጋሽ ዘሪሁን መጥተው ቴፑን አጠፉባት።

"ይፋቃል፣ ወይዘሮ አስካለ። ባጫወቱት ቁጥር ይፋቃል። ያለችው ትንሽ ድምፅ ናት፤ እሷም ትጠፋለች።"

"እና ምን ላድርግ መምህር? ዝም ልበል?"

"መግቢያ እሠራለታለሁ። እስከዚያ አይንኩት።"

ሳምንቱን ሙሉ ክፍላቸው በስታኞ ጭስ ታፍኖ ሰነበተ። በጥፍር ቀለም ምልክት ያደረጉባቸው ሁለት አይሲዎች ቀርተዋቸው ነበር፤ ቀይዋና ነጯ። ቅዳሜ ዕለት ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ሳሎናችን መጡ። ድምፁን ከሚያነበው የቴፑ ራስ ላይ በቀጥታ ቀጭን ሽቦ አውጥተው ከማሽናቸው ጋር አገናኙት። ካሴቱን ከተቱ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ዞረን ተቀመጥን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትተነፍስ ይሰማኛል። አደ ፋጡማ በለሆሳስ ዱዓ ታደርጋለች። ውጭ ጋሪ አለፈ፤ የፈረሱ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቅን።

መጀመሪያ ሽሽ አለ። ከኋላችን ጠቅ የሚል ድምፅ፣ አንድ አይሲ ተነቀለች፤ ሌላ ገባች። ሽሹ ረገበ። ክፍሉ እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ከጸጥታው ውስጥ ወጣት የወንድ ድምፅ ብቅ አለ፤ ቀጭን፣ ሩቅ፣ ግን ጥርት ያለ፤ "አካም ጅርቱ... ኑቲ ናጋ ጅራ።" እንደምን አላችሁ፣ እኛ ደህና ነን። ሰለሞን ከጓደኞቹ ጋር በኦሮምኛ ነው ያደገው፤ ከውጭ ሲገባ እናቴን በቀልድ ሰላም የሚላት እንደዚያ ነበር።

እናቴ ግድግዳውን በሁለት እጇ መታች። "ልጄ! ልጄ ነው! ደህና ነን አለ!" አደ ፋጡማ ዱካዋን ገልብጣ ተነሳች፤ "አልሐምዱሊላህ! ሰለሞን ተገኘ! ጎረቤት!" እያለች በእልልታ ወደ ደጅ ሮጠች። የየቤቱ በር ሲከፈት ይሰማል። እናቴ እዚያው ግድግዳው ሥር ተንበርክካ መሬቱን መሳም ጀመረች።

እኔ ዞር ብዬ ነበር። ሕግ አክባሪ ልጅ አልነበርኩም። ዞር ስል ያየሁት ጋሽ ዘሪሁንን ነው። ወረንጦውን እንደያዙ ደርቀው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ዓይናቸው ካሴቱ ላይ ነው። ካሴቱ አይዞርም። ገና አላስነሱትም። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ባዶውን፣ ዝምታውን ነበር ያሰሙን። ድምፁ ግን አሁንም ከስፒከሩ እየመጣ ነው።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ራሴን ነቀነቅኩላቸው፤ አይንገሯት። ቤቱ በሰው መሙላት ጀምሯል፣ አንዷ እናቴን ታቅፋለች፣ ሌላዋ ውሃ ታመጣለች፣ "እንኳን ደስ አለሽ" ይላል ሁሉም። ከወራት በኋላ እናቴ ስትስቅ አየኋት። አንድ ቃል ባይናገሩ ማን ይጎዳል? እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ማሽኑን ቢያጠፉት ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። እጃቸው ወደ ማጥፊያው ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ተመለሰ።

"ወይዘሮ አስካለ" አሉ። አልሰማቻቸውም። ጮኸው ደገሙት። "ወይዘሮ አስካለ፣ እዚህ ይምጡ። ካሴቱን ይዩት።"

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች።

"ቆሟል" አሉ ጋሽ ዘሪሁን። "ገና አላስነሳሁትም። ይሄ ሬዲዮ ነው። ሮቤ መንገድ ላይ ከተተከለው የሬዲዮ ማሠራጫ ምሰሶ በሽቦው ገብቶ ነው። ባዶውን እያሰማኋችሁ መሆኑን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የወለድኩትን ድምፁን አላውቀውም?"

ጣቷን ይዘው ሽቦው ላይ አስቀመጡት። የሰው እጅ ሲነካው ድምፁ ጎላ፤ ያ ወጣት ድምፅ ሳሎናችንን ሞልቶ ስለ ከብት ክትባት በኦሮምኛ ያብራራ ጀመር። ከብቶቹን መቼና የት ማምጣት እንዳለብን ነገረን። እናቴ ጣቷን ሳታነሳ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ከዚያ እጇን መነጨቀች። "ውጣ" አለች። አንቱ ስትል የኖረችው ሴት ናት። "ውጣ ከቤቴ! ልጄን አንተ ነህ የገደልከው! እኔ አግኝቼው ነበር!" ካሴቱን ከቴፑ ነቅላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ ዘሪሁን ዕቃቸውን በካፖርታቸው አቅፈው በሰዉ መሐል ወጡ። ማንም መንገድ በደንብ አልለቀቀላቸውም። እኔም ጠላኋቸው፤ ከልቤ ጠላኋቸው።

ቤቱን ይለቃሉ ብለን ጠበቅን፤ አልለቀቁም። ጠዋት በእናቴ ፊት ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ እናቴ ፊቷን ታዞራለች። ማታ ማታ የስታኞው ጭስ ከመስኮታቸው መውጣቱን ቀጠለ። ካሴቱ እናቴ ጋ፣ ማሽኑ እሳቸው ጋ። ምን እንደሚሠሩ አደ ፋጡማ ናት ጠይቃ የነገረችን። ቀይዋ አይሲ ጸጥተኛ ናት፣ ግን ሬዲዮውን ትስባለች። ነጯ ሬዲዮውን አትስብም፣ ግን ሽሽ ትላለች። ለእንደዚያ ያለ ደካማ ድምፅ ሁለቱም አይሆኑም። "ቀይዋን ከሬዲዮው ልደብቃት ነው ይላል፤ በወተት ጣሳ" አለች አደ ፋጡማ፣ እጇን አገላብጣ።

የከተማው ወሬ ግን ከእኛ ቤት ቀድሞ ወጥቶ ነበር። አንዱ "ሰለሞን ደህና ነኝ አለ አሉ" ይላታል። ሌላው "በሬዲዮ ተናገረ አሉ፣ እንኳን ደስ አለሽ" ይላታል። አንዲት ሴትዮ ጭራሽ ገበያ መሐል አቅፋ ሳመቻትና "የእኔ እህት ልጅ ሰምታዋለች፣ ስምሽን ጠርቷል" አለቻት። እናቴ የገዛችውን ድንች እዚያው ረስታ ተመለሰች። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ ቆየች። "ሁሉም ይዋሹኛል" አለችኝ። "ሁሉም።" ከዚያ ተነስታ እጇን ታጠበች፣ ካሴቱን ከሣጥኗ አወጣች፣ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተልኳት።

ጋሽ ዘሪሁን በሩን ከፈቱ። እናቴ ካሴቱን ዘረጋችላቸው።

"ጀርባዬን አላዞርም" አለች።

"አያዙሩ። እርስዎ ይዩ።"

አልጋው ላይ ያለውን ሁሉ መሬት ላይ አውርደው አስቀመጧት። ማሽኑ የወተት ጣሳ ውስጥ ገብቷል፤ ከጣሳው የሚወጣው ሽቦ እንደ ጣት አጥሯል፤ መግቢያዋ ላይ ምስር የምታህል ቡናማ ኮንደንሰር ተበይዳለች። ሬዲዮውን የምታስቀረው እሷ ናት ብለው አሳዩን። ውጭ ዝናብ ገና እየተንጠባጠበ ስለነበር እስኪያባራ ተቀመጥን። የመብራቱ አምፖል ሁለቴ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ፤ በተመለሰ ቁጥር ጋሽ ዘሪሁን ትንፋሻቸውን ይለቃሉ።

ማሽኑን አበሩት። "ይሄ ባዶው ነው" አሉ፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብለው። "ካሴቱ ቆሟል። ምን ይሰማሉ?"

"ምንም።"

"ሬዲዮ?"

"የለም። ምንም።"

"እንግዲህ አሁን ከመጣ ከካሴቱ ነው።" ቁልፉን ተጫኑት። የካሴቱ ሁለት ጎማዎች መዞር ጀመሩ። እናቴ ዓይኗን ከነሱ ላይ አልነቀለችም።

ነፋስ መጣ። ከዚያ የጫማ ድምፅ፣ የሆነ ነገር ሲንኳኳ። ከዚያ ወንድሜ።

"ይቀዳል እንዴ? መብራቱ አይበራም እኮ።"

"ይቀዳል፣ ዝም ብለህ አውራ" አለ ሌላ ድምፅ። "ከመንቀሳቀሳችን በፊት ጨርስ፤ መኪናዎቹ መጥተዋል።"

"እማ..." አለ ሰለሞን። ቆመ። "ምን እላታለሁ አቦ? ደህና ነኝ ልበላት? ደህና ነኝ ካልኳት እኮ ጭራሽ አታምነኝም!" ከዚያ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ነበር፤ በአፍንጫው ጀምሮ መጨረሻ ላይ የሚሰበረው። ሌላውም ሳቀ። ጠቅ አለና አለቀ። የቀረው ካሴት ባዶ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰማነው።

ጋሽ ዘሪሁን አጠፉት። ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ቀና አለች።

"መምህር፣ ይሄ በፊት ነው በኋላ?"

እኔም የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ መኪናዎቹ መጥተዋል፣ ከመንቀሳቀሳችን በፊት፣ ወደ ውጊያው ሊጓዙ ሲሉ ማለት ነው። ግን ልጅም ብሆን "አይታወቅም" የሚል መልስ እንዳለ አውቅ ነበር። ጎባ በሙሉ ያንን መልስ ነበር የሚሰጣት። ጋሽ ዘሪሁን ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ።

"በፊት ነው፣ ወይዘሮ አስካለ።"

"በፊት ነው" አለች እሷም። "እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት።" ከዚያ ትከሻቸው ላይ ግንባሯን ጥላ አለቀሰች። እሳቸው ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም፤ እጃቸውን አየር ላይ ይዘው ቆዩ፤ በኋላ ቀስ ብለው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት። ጥላቻዬ ያኔ ነው የወጣልኝ።

መርዶው የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ተሰብስበው መጡ። እናቴ ከማንኳኳታቸው በፊት ተነስታ ነበር። አንደኛው ነገሩን ከሩቅ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ "አይድከሙ አባባ፣ ይግቡ" አለቻቸው። በልቧ ቀበረችው፣ አለቀሰች፣ ከል ለበሰች፣ ጊዜው ሲደርስ አወለቀችው። በእኛው ሰፈር ልጃቸውን "አይታወቅም" እየተባሉ ለዓመታት በር በር ሲያዩ ያረጁ እናቶች አሉ። አንዷ እስካሁን የልጇን አልጋ ታነጥፋለች። የእናቴን ዓይን ከበሩ ላይ ያነሱላት ጋሽ ዘሪሁን ናቸው።

እሳቸው በኋላ ያልጠየቁት ዝውውር መጥቶባቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እዚያው ማረፋቸውን የሰማነው ዘግይተን ነው። ማሽኑን ለእናቴ ትተውላት ሄደዋል። ካሴቱ አርጅቷል፤ እሷም አታጫውተውም። አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር የሰለሞን ጓደኞች ቤታችን ይመጣሉ። ስለ ጀግንነቱ ያወራሉ፣ እንዴት እንደ ወደቀ፣ ምን ብሎ እንደ ወደቀ ይናገራሉ፤ በየዓመቱ ነገሩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጣቸዋለች። ሸኝታቸው ስትመለስ ሳህኖቹን እያነሳች "ይስቅ ነበር እኮ" ትለኛለች።

"ሰምተነዋል" እላታለሁ።